«ኖ» ስል ለምን ይሰርዛል?

የአንባቢያን ጥያቄ፦ ኮምፒውተርና ሥራ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እህታችን። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ ነው። ለአጎቴ ሱቅ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው፤ መስኮቶቹን የፓይተን መስኮት መሥሪያ በሆነው በቲኪንተር ነው የሠራኋቸው። አንድ ዕቃ ከመዝገቡ ከመውጣቱ በፊት «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ሜሴጅ ቦክስ፣ ማለትም ብቅ የሚል የመልእክት ሳጥን፣ አስገብቻለሁ። ችግሩ «ዬስ» ብልም «ኖ» ብልም ይሰርዘዋል። ሦስት ሌሊት አፈጠጥኩበት፣ ኮዱ ላይ ስሕተት አላገኘሁም። አጎቴ እምነት አጥተው ወደ ደብተራቸው ሊመለሱ ነው። ሌላው ጥያቄዬ፣ በጠቅላላው አሥራ አንድ ቦታ ሜሴጅ ቦክስ አለኝ፤ ይበዛል?

መልስ

ወንድሜ፣ ስሕተቱ ያልታየህ ኮዱ ሲነበብ ትክክል ስለሚመስል ነው። እንደምገምተው «አስክኩዌሽን» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቅመሃል። ትእዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፤ አንተ ኮድህ ላይ ታውቃቸዋለህ። ይህ ትእዛዝ የሚመልስልህ እውነት ወይም ሐሰት አይደለም። ጽሑፍ ነው የሚመልሰው፦ «ዬስ» ወይም «ኖ» የሚል ቃል። ፓይተን ደግሞ ባዶ ያልሆነን ጽሑፍ ሁሉ እንደ እውነት ይቆጥራል። «ኢፍ» ብለህ መልሱን ብቻውን ስታስቀምጥ «ኖ» የሚለውም ቃል ፊደል ስላለው ያልፋል፣ ዕቃውም ይሰረዛል። አጎትህ «አይሆንም» እያሉ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን የሰማው «መልስ ሰጡ» የሚለውን ብቻ ነው።

«አስክየስኖ» በሚለው ቀይረው። እሱ በትክክል እውነት ወይም ሐሰት ይመልሳል። የነበረውን ማቆየት ከፈለግህ መልሱን «ዬስ» ከሚለው ጽሑፍ ጋር አስተያየው። አንድ ሌላ ወጥመድ ላስጠንቅቅህ፦ «አስክየስኖካንስል» የሚባለው ሦስት ዓይነት መልስ አለው፤ ካንስል ሲባል የሚመልሰው «ነን» ነው፣ «ምንም» እንደማለት። ፓይተን «ነን»ንም ሐሰትንም በአንድ ዓይን ስለሚያይ «ኢፍ ኖት» ብለህ ከያዝከው ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ሰውየው «ሳትመዘግብ ዝጋ» ማለቱና «ተወው፣ አትዝጋ» ማለቱ አንድ ሆኖ ይቀራል፤ የግማሽ ቀን ሥራ የሚጠፋው እንዲህ ነው። መጀመሪያ «ነን» መሆኑን ለይተህ ፈትሽ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፍ።

አሁን ወደ አሥራ አንዱ። አዎ፣ ይበዛል። ለምን እንደምል የራሴን ልንገርህ።

ኮድ መጻፍ ከመማሬ በፊት እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ካሸር ነበርኩ። የምንሠራበት ፕሮግራም ስትሸጥ ይጠይቃል፣ ደረሰኝ ስታትም ይጠይቃል፣ የደንበኛ ገጽ ከፍተህ ስትዘጋ ይጠይቃል። ሁሌም ያው ሳጥን፣ ያው «አር ዩ ሹር?»፣ ያው ሁለት በተን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብቼ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እስክወጣ ስንት መቶ ጊዜ ኢንተር እንደምመታ አልቆጠርኩም። በሁለተኛው ሳምንት ማንበብ ተውኩ፤ ሳጥኑ ብቅ ሲል ጣቴ ቀድሞ ኢንተሩ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ የአንድ ዱቤ ደንበኛ ስልክ ቁጥር ላስተካክል ብዬ አጠገቡ ያለውን የመሰረዣ በተን ነካሁ። ሳጥኑ መጣ፣ ጣቴ እንደ ልማዱ ኢንተር መታ። የ14,600 ብር የቆርቆሮና የሚስማር ዱቤ ከነዝርዝሩ ጠፋ።

ባለቤቷን እትዬ ነበር የምላቸው። አልተቆጡኝም። ዝም ብለው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ እሱ ከቁጣ ይብስ ነበር። ደንበኛው በሳምንቱ ራሱ መጥቶ የቆርቆሮውን ቁጥር ሳይቀር ተናግሮ ከፈለ፣ እግዚአብሔር ይስጠው። እስኪመጣ ድረስ ግን እኔ እንቅልፍ አልነበረኝም። ያ ሳጥን የተሠራው እኔን ከስሕተት ሊጠብቅ ነበር። ያልጠበቀኝ ከዚያች ማታ በፊት በማይረባ ጉዳይ ስንት መቶ ጊዜ ስለጠራኝ ነው።

ስለዚህ አሥራ አንዱን አንድ በአንድ ጻፋቸውና ለያንዳንዱ «ሰውየው እዚህ ላይ ኖ የሚልበት ቀን አለ?» ብለህ ጠይቅ። «ተመዝግቧል»፣ «ተሽጧል»፣ «ታትሟል» የሚሉት የሰው መልስ አይጠብቁም፤ ከመስኮቱ ግርጌ ባለች አንድ መስመር ላይ ጻፋቸውና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይጥፉ። ደግሞ «ተመዝግቧል» የሚለውን በሳጥን የምታወጣ ከሆነ የዳታቤዙ «ኮሚት»፣ ማለትም መዝገቡን በቋሚነት የሚያስቀምጠው ትእዛዝ፣ ከሳጥኑ በፊት መሆኑን አረጋግጥ። መልእክት ብቻ የሚያሳየው «ሾውኢንፎ» ኦኬ እስኪባል ድረስ ቀጣዩን መስመር አያስኬድም። «ኮሚት» ከሥሩ ከሆነና ካሸሩ ኦኬ ሳይል መብራት ከሄደ፣ ስክሪኑ ተመዝግቧል ያለው ነገር የትም የለም። መብራት እንደኛ ከተማ ሳያስጠነቅቅ በሚሄድበት ቦታ ይህ በወር ውስጥ የሚደርስብህ ነገር ነው።

ዕቃ የሚሰረዝበትን ደግሞ ከነጭራሹ አትጠይቅ፤ የሚመለስ አድርገው። ሠንጠረዡ ላይ «ወጥቷል» የሚል አንድ ዓምድ ጨምር። ሲሰረዝ ረድፉን አታጥፋው፣ ዓምዱ ላይ 1 ጻፍበትና ከዝርዝሩ ደብቀው፤ ግርጌው መስመር ላይ «ስኳር 50 ኪሎ ከዝርዝሩ ወጥቷል» ብለህ አጠገቡ «መልስ» የሚል በተን አኑር። አጎትህ ተሳስተው ቢነኩ በአንድ ጠቅታ ይመልሱታል። እኔ ያን ቅዳሜ ማታ እንዲህ ያለ በተን ባገኝ ኖሮ ታሪኩ በሦስት ሰከንድ ያልቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚተርፉህ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፦ የዓመቱ ቆጠራ ሲዘጋ፣ የብዙ ዕቃ ዋጋ በአንድ ጊዜ ሲቀየር፣ ያልተመዘገበ ሥራ እያለ ፕሮግራሙ ሲዘጋ። እነዚህ ላይ ጠይቅ፣ አጥብቀህም ጠይቅ። «እርግጠኛ ነዎት?» የሚለውን ግን አውጣው። ሰው ስለ ምን እርግጠኛ እንደሚሆን ሳይነገረው እርግጠኛ ነኝ ሊል አይችልም። «የ83 ዕቃዎች ዋጋ በ10 በመቶ ይጨምራል። ይቀየር?» በለው። 3 ዕቃ ብቻ መርጫለሁ ብሎ ያሰበ ሰው 83 የሚለውን ሲያይ እጁን ይሰበስባል። በዚያ ላይ «ዲፎልት» በሚለው ምርጫ «ኖ»ን አስቀምጥ፤ ሳይታሰብ የተመታ ኢንተር ጉዳት በሌለው በኩል ይሂድ። «ፓረንት» በሚለው ደግሞ ሳጥኑ የተጠራበትን መስኮት ስጠው። ካልሰጠኸው ከዋናው መስኮት ጋር ይያያዛል፤ ሰውየው ይሠራበት የነበረው ትንሹ ፎርም ከኋላ ሊቀርበት ይችላል።

አጎትህ የባርኮድ ስካነር ገዝተው ከሆነ ወይም ሊገዙ ካሰቡ የሚከተለውን ሁለቴ አንብበው። ስካነር ለኮምፒውተሩ ኪቦርድ ነው። ባርኮዱን ሲያነብ 13ቱን አሃዝ በፍጥነት ይተይብና አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ኢንተር ይመታል። ባለፈው ክረምት አንድ ሚኒ ማርኬት «ሒሳባችን አልገጥም አለ» ብለው ጠሩኝና ጥግ ላይ ተቀምጬ ካሸሯን ለሁለት ሰዓት ያህል ተመለከትኳት። ዓይኗ ዕቃው ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ አይደለም። በግራ እጇ ከቅርጫቱ ታወጣለች፣ በቀኟ ስካነሩን ይዛለች፣ በጆሮዋ ቢፕ ትጠብቃለች። መዝገብ ላይ የሌለ ብስኩት መጣ። ስካነሩ ቢፕ አለ፣ ስክሪኑ ላይ «ዕቃው አልተመዘገበም» የሚል ሳጥን ወጣ። እሷ ሳሙናውን አነሳች፤ ቢፕ። የሳሙናው ቁጥር ሳጥኑ ላይ ፈሰሰ፤ ሳጥኑ ቁጥር የሚቀበልበት ቦታ የለውምና ባከነ። ከቁጥሩ ኋላ የመጣው ኢንተር ኦኬን ተጫነና ሳጥኑን ዘጋው። ሦስተኛውን ዕቃ ስታነሳ ስክሪኑ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ጠበቃት። ብስኩቱም ሳሙናውም ሒሳብ ውስጥ አልገቡም፣ ሁለቱም ግን ፌስታል ውስጥ ገብተዋል።

ባለቤቱ ለወራት ሌባ ሲፈልጉ ነበር። ያቺኑ ልጅ ጠርጥረዋት ደመወዟን ሊይዙባት ሲያስቡ ነው የደረስኩት። ሜሴጅ ቦክስ ትንሽ ነገር ነው ብለው ለሚነግሩኝ ሁሉ ይህችን ልጅ ነው የማነሳላቸው።

ለእንዲህ ያለው ነገር ሳጥን አታውጣ። የሽያጭ ዝርዝሩ ላይ ቀይ ረድፍ ጨምርና ያልታወቀውን ቁጥር እዚያ አሳይ፤ ከስካነሩ ቢፕ የተለየ ድምፅ አሰማ፤ ቀዩ ረድፍ ሳይፈታ ሒሳቡ እንዳይዘጋ አድርግ። ስካነሩ መሥራቱን ይቀጥላል፣ የሚጠፋም ነገር አይኖርም። የግድ ማስቆም ካለብህ የራስህን መስኮት አዲስ መስኮት በሚከፍተው በ«ቶፕሌቭል» ሥራ። ደግነቱ የቲኪንተር በተን በራሱ ለኢንተር አይታዘዝም፤ የሚሠራው ስፔስ ሲመታ ነው፣ በባርኮድ ቁጥር ውስጥ ደግሞ ስፔስ የለም። አንተ ራስህ ኢንተርን በ«ባይንድ» ካላያያዝክበት በቀር ስካነሩ ሊዘጋው አይችልም።

ለአጎትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ደብተሩንም ለጊዜው አያስወግዱት፤ አዲሱ ፕሮግራም አንድ ወር ጎን ለጎን ይሞከር።

ጥያቄ

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ። ታቦር ተራራ ግርጌ መድኃኒት ቤት አለኝ። አንድ ልጅ ፕሮግራሙን በአማርኛ ሠርቶልኛል፣ ጎበዝ ነው። አንድ ነገር ግን ሠራተኞቼን እያጣላ ነው። የተሳሳተ ደረሰኝ ለመሰረዝ ስንነካ «ደረሰኙን መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት በተን አለ፣ አንዱ «እሺ»፣ አንዱ «ሰርዝ»። ጠዋት የምትገባው ልጅ «ሰርዝ»ን ትነካለች፣ ደረሰኙ ግን አይሰረዝም። የማታው ደግሞ «እሺ ነው የሚባለው» ይላል። ልጁን ስጠይቀው «በእንግሊዝኛው እንደዚያ ነው» አለኝ። ማናቸው ናቸው ልክ?

መልስ

እናቴ፣ ጠዋት የምትገባዋ ልጅ ልክ ናት። አማርኛ እንደሚነበበው አድርጋ ነው ያነበበችው። ፕሮግራሙ ነው ያልተስተካከለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛው ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፦ አንዱ «ያለውን አጥፋ» ማለት ነው፣ አንዱ «የጀመርከውን ተወው»። ወደ አማርኛ ሲመለሱ ሁለቱም «ሰርዝ» ይሆናሉ። ስለዚህ እርስዎ ዘንድ ያለው ሳጥን «ይሰረዝ ወይ?» ብሎ ጠይቆ፣ «አይ፣ ይቅር» በሚለው በተን ላይ «ሰርዝ» ብሎ ጽፏል። በዚህ ሳጥን ላይ ማንም ቢሳሳት አይፈረድበትም። መድኃኒት ቤት ውስጥ ደግሞ ያልተሰረዘ ደረሰኝ ማለት መደርደሪያው ላይ ያለው መድኃኒት መዝገቡ ላይ የለም ማለት ነው።

ቋንቋችን ለዚህ የሚሆን ቃል አላጣም። ማታ ሱቅ ውስጥ ሠራተኛዎን «ይህ ደረሰኝ ይሰረዝ?» ብለው ቢጠይቋት ወይ «ይሰረዝ» ወይ «ይቅር» ነው የምትልዎት። በተኖቹም ይህንኑ ይበሉ፦ «ይሰረዝ» እና «ይቅር»። ጥያቄውም «መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ከሚል «ቁጥር 0412 ደረሰኝ፣ 380 ብር። ይሰረዝ?» ቢል ይሻላል። «ይሰረዝ» ሌላም ጥቅም አለው፤ አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም ሳይል ሁሉንም ያስተናግዳል። ወንዱን ልጅ «ትሰርዣለሽ?»፣ እርስዎን «ትሰርዛለህ?» የሚል ፕሮግራም አይቻለሁ፤ ታላቅን ሰው እንደዚያ መናገር ለማሽንም ነውር ነው።

ልጁ ይህን ገጽ ያንብብ፤ ቀጥሎ ያለው ለእሱ ነው።

ወንድሜ፣ በአማርኛ መሥራትህን አከብራለሁ። «አይሰረዝም ወይ?» የሚል የአሉታ ጥያቄ ከቶ አትጻፍ፤ «አዎ» ለሚለው መልስ ሁለት ሰው ሁለት ትርጉም ይሰጠዋል። በተኖቹ ላይ ግሥ ጻፍ፣ «እሺ» ለብቻው ምንም አይናገርም። የዊንዶውስን የራሱን ሜሴጅ ቦክስ ብትጠቀም በተኖቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ መቀየር አትችልም፤ የሚወጣው በዊንዶውሱ ቋንቋ ነው። ስለዚህ የራስህን ሥራ። በቲኪንተር ከሆነ አንድ «ቶፕሌቭል»፣ አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት በተን ይበቃል። «ትራንዚየንት» ብለህ ከዋናው መስኮት ፊት አቁመው፣ «ግራብሴት» ብለህ ከኋላ ያለው እንዳይነካ አድርግ፣ «ዌይትዊንዶው» ብለህ እስኪመለስልህ ጠብቅ። ፎከሱ፣ ማለትም ኪቦርዱ የሚያዘው በተን፣ «ይቅር» ላይ ይሁን። ኢስኬፕም፣ ከላይ ጥግ ያለችው የኤክስ ምልክትም ያው «ይቅር» ይሁኑ። ዊንዶውስ ላይ «ዬስ» እና «ኖ» ብቻ ባለው የተለመደ ሳጥን ኤክሷ አትሠራም፣ ኢስኬፕም አይሰማም። ሳያስበው የገባ ሰው ሁለት ቃል መሐል ቆሞ ይጨነቃል፤ አንተ መውጫ በር ስጠው።

እናቴ፣ አንድ ነገር ደግሞ ለእርስዎ። ፕሮግራሙ የስሕተት መልእክት ሲያወጣ ልጆቹ በስልክ ፎቶ አንስተው ይልኩለት ይሆናል። የዊንዶውስ ሜሴጅ ቦክስ ከሆነ ሳጥኑ እንደተከፈተ ኮንትሮልን ይዞ «ሲ» የምትለዋን ፊደል መጫን ይበቃል፤ ጽሑፉ በሙሉ ኮፒ ይሆናል። ቴሌግራም ላይ ፔስት አድርገው ይላኩለት። ከደበዘዘ ፎቶ ይልቅ በጽሑፍ ሲደርሰው ቶሎ ያገኘዋል።

ጥያቄ

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሁለት አጫጭር ጥያቄ አለኝ። ትልቅ ፋይል ከጀርባ በሌላ ትሬድ፣ ማለትም ጎን ለጎን በሚሄድ የሥራ መስመር፣ አነባለሁ፤ ሲያልቅ ከዚያው ትሬድ «ሾውኢንፎ» ስጠራ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ፕሮግራሙ ሃንግ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ እኔ ላፕቶፕ ላይ የሚያምረው አማርኛ የደንበኛዬ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል።

መልስ

እህቴ፣ የመጀመሪያው አጭር ነው። የቲኪንተርን መስኮት ዋናው ትሬድ ብቻ ይንካው። የጀርባው ትሬድ ሥራውን ሲጨርስ መልእክቱን «ኪዩ» በሚባለው ወረፋ ውስጥ ያስቀምጥ፤ ዋናው መስኮት በ«አፍተር» በየ100 ሚሊሰከንዱ ኪዩውን ይይ፣ መልእክት ካገኘ ሳጥኑን እሱ ያውጣ። አንዳንዴ ሠርቶልሻል ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ደንበኛ ፊት ነው የሚቆምብሽ።

ሁለተኛው የፎንት ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ኮምፒውተሩ ግን ፊደሉን የሚስልበት ፎንት ያስፈልገዋል። ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ»ን ይዞ መጣ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ደግሞ «ኢብሪማ» የእኛን ፊደል ይይዛል፤ ዊንዶውስ 10 ላይ «ኒያላ» ተፈልጎ የሚጨመር ሆኗል። የደንበኛሽ ማሽን ኤክስፒ ከሆነ ከሁለቱም የለውም። «አቢሲኒካ» ወይም «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» በነፃ ይገኛሉ፤ አንዱን ከፕሮግራምሽ ጋር አብረሽ ጫኚለት።

መጠኑንም ከ12 አታሳንሺው። የሳጥኖቹ የተለመደ መጠን ለላቲን የተለካ ነው። በ9 የተጻፈ «ሰ» እና «ስ»፣ «ቁ» እና «ቊ» ከሩቅ አይለዩም። የምትጽፊው የዕቃ ስም ከሆነ በአሮጌ ስክሪን ላይ፣ ከአንድ ክንድ ርቀት፣ ደንበኛሽ መነጽራቸውን ሳያደርጉ እንዲያነቡት አድርገሽ ሞክሪው። የጽሑፉን ስፋት በ«ራፕሌንግዝ» ካልገደብሽው ረጅሙ ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር ይሄድና «ይቅር» የሚለው በተን ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል፤ አሮጌዎቹ ሞኒተሮች ጠባብ ናቸውና መጀመሪያ እነሱ ላይ ክፈቺው።